የአባቴ አላርም በስንት ሣጥን ይሣላል?

አባቴ ካረፈ በኋላ ስልኩ እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ከስልኩ ጎን የኪኒን መያዣው፣ ከእሱ ቀጥሎ እግሮቹ ያልታጠፉ መነጽሩ። በማግስቱ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። መድኃኒቱን የሚወስድበት ሰዓት እንዳያልፈው ታላቅ እህቴ ራሷ የሞላችለት አላርም ነበር። በባዶ እግሯ መጥታ አጠፋችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ስልኩን ካነሣችበት ቦታ መልሳ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ አስቀመጠችውና ወጣች። በሦስተኛው ቀን ማለዳም ጮኸ። ድምፁን አጥፍታዋለች እንጂ አላርሙን አልሰረዘችውም ነበር።

ይህንን በአንድ የኮሚክ ገጽ፣ ማለትም በተከታታይ የሥዕል ሣጥኖች በሚነገር ታሪክ፣ ለመሣል ሰባት ወር ፈጀብኝ። ዛሬ የምጽፈው በነዚያ ሰባት ወራት ስለተማርኩት ነው፤ ስሜት በሥዕል ሣጥኖች ውስጥ የት እንደሚቀመጥ። እኔ ፊት ላይ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት።

መተዳደሪያዬ የሕንፃ ንድፍ መሣል ነው። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ፣ በር፣ መስኮት፣ ደረጃ ሳሠምር እውላለሁ። ኮሚክ ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁ፤ መሣል የጀመርኩት ግን በ34 ዓመቴ፣ ማታ ማታ፣ ከሥራ በተረፈ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። እጄ ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል፣ ልኬት አይስትም። የምሥላቸው ሰዎች ግን እንደ በርና መስኮት ዝም ብለው ይቆማሉ። ስለዚህ አንብቤ የማልረሳቸውን ገጾች አወጣሁና በማስመሪያ መለካት ጀመርኩ፤ የሣጥኑን ስፋት፣ በሣጥንና በሣጥን መካከል ያለውን ነጭ ክፍተት፣ የሰውየው ራስ ከላይኛው ጠርዝ ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ። ሣጥኑን ባለሙያዎቹ ፓነል ይሉታል፤ እኔ ሣጥን ማለት ይቀለኛል።

የመጀመሪያው ገጼ ላይ እህቴን አስለቀስኳት። የገጹን ግማሽ የሚሞላ ፊት፣ የተከፈተ አፍ፣ አራት ትልልቅ የእንባ ጠብታ፣ በንግግር ፊኛው ውስጥ «አባዬ!»። ብዙ ደክሜበታለሁ፤ የዐይኗን ሽፋን ብቻ ሁለት ማታ ሠርቼዋለሁ። ኮሚክ ለሚያነብ ጓደኛዬ አሳየሁት። አየት አደረገና «ጎበዝ፣ እጅህ እየተሻሻለ ነው» አለኝ። ከልቡ ነው ያመሰገነኝ። ነገር ግን ልቡ የተነካ ሰው ስለ ሣዩ እጅ አያወራም። እኔም ገጹን ሳየው የማየው ዐይኗን እንዴት እንደሠራሁት ነበር። እህቴ ደግሞ እንደዚያ አላለቀሰችም። ገጹ ውሸት ነበር።

ያን ማታ ተኝቼ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። እኛ በአማርኛ ስናዝን ሐዘኑን የምናስቀምጠው ፊት ላይ አይደለም። ሆድ ይብሰናል። አንጀታችን ይላወሳል። ፊት ይጠቁራል፣ ይፈካል፣ ይገረጣል፤ ያ ግን ሌላው ሰው ከውጭ የሚያየው ነው። «ሆድ ባሰኝ» የሚል ሰው ፊቱ እንደወትሮው ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም እየሣቀ ሊሆን ይችላል። እህቴ ያን ማለዳ ሆድ ብሷት ነበር። እኔ ደግሞ ሆድን መሣል ትቼ ፊት ሣልኩ። ሆድ እንዴት ይሣላል? ሰባት ወር የፈጀው ጥያቄ ይኸው ነው።

ፊትን ማናናቄ አይደለም። የኮሚክ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው የስዊዘርላንዱ ሮዶልፍ ቶፕፈር በ1845 እ.ኤ.አ. ስለ ፊት አሣሣል አንድ ጽሑፍ አውጥቷል። የሚለው ነገር ደፋር ነው፤ ማንኛውም የፊት ሥዕል፣ የቱንም ያህል ቢበላሽ፣ ልጅ የጫጫረውም ቢሆን፣ አንድ ዓይነት ስሜት ሳይኖረው አይቀርም። እውነት ነው። ክብ ሠርታችሁ ሁለት ነጥብና አንድ ጭረት ጨምሩ፤ ጭረቱን ትንሽ ብታዘነብሉት ያ ሰው የሆነ ነገር ሆኗል። አሜሪካዊው ሞርት ዎከር ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ካርቱኒስቶች ከሰው ራስ ዙሪያ የሚሥሏቸውን ምልክቶች ሁሉ ሰብስቦ ስም አወጣላቸው፤ የላብ ጠብታውን፣ ሯጭ ሲፈተለክ የሚተወውን የአቧራ ጉም፣ በስድብ ፈንታ የሚጻፉትን ኮከብና ጥምዝምዝ። ማንጋ የሚባለው የጃፓኖች ኮሚክም የራሱ አለው፤ ሰው ክው ሲል ግንባሩ ላይ የሚወርዱት ቀጫጭን ቋሚ ጭረቶች ለምሳሌ።

እነዚህ ምልክቶች ቃል ናቸው። «ይህ ሰው ፈርቷል»፣ «ይህ ሰው ተናዷል» ብለው ይነግሩናል፤ እኛም እንረዳለን። ለሣቅ እጅግ ይመቻሉ። የእኔ አራት የእንባ ጠብታዎችም ይህንኑ ነበር የሠሩት፤ «እህቴ አዝናለች» ብለው ተናገሩ፣ ጓደኛዬም ተረዳ። መረዳትና ሆድ መባስ ግን የተለያዩ ናቸው።

ከፊት ወጥቼ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጀርባ ነው። ዊል አይስነር በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኤ ኮንትራክት ዊዝ ጎድ» መክፈቻ ላይ አንድ ሰው ልጁን ቀብሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይዘንባል። ዝናቡ ከሰውየው ይገዝፋል፤ ጭረቱ ወፍራም ነው፣ ከላይ ሲወርድ ውኃ ሳይሆን ሸክም ይመስላል። ሰውየው ጎብጧል። ያቺን ጎባጣ ጀርባ ወረቀት ደርቤ ገለበጥኳት፤ ከአንገት እስከ ወገብ አንድ መስመር ናት። በዚያች መስመር ውስጥ የፊት ሥዕል ሊሸከመው የማይችል ሐዘን አለ፤ ምክንያቱም ጀርባውን እያየን ፊቱን የምንሠራው እኛ ነን።

ማርጃን ሳትራፒም የኢራን ልጅነቷን በሣለችበት «ፐርሰፖሊስ» ላይ እንዲሁ አድርጋለች። በ14 ዓመቷ፣ በ1984 እ.ኤ.አ.፣ ወላጆቿ ብቻዋን ወደ ኦስትሪያ ይሸኟታል። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ከመስታወቱ ወዲህ ሆና ለመጨረሻ ጊዜ ዞር ትላለች። እናቷ ራሷን ስታ አባቷ በክንዱ ተሸክሟታል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጥላ እንኳ የለውም። ራሷን የሳተች ሴት ፊት ምንም አይናገርም፤ ዐይኗ ተጨፍኗል። የሚናገረው ክብደቷ ነው፤ ሰው በሰው ክንድ ላይ እንዴት እንደሚከብድ። ከዚያ ደግሞ መስታወቱ አለ። ልጅቷ ታያለች፣ መድረስ ግን አትችልም፤ እኛም እንደዚያው። ክፍሉም እዚያ ላይ ያበቃል። እዚህ ገጽ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ትንሽ እቆያለሁ።

ከሾን ታን «ዘ አራይቫል» ደግሞ ዕቃ መሣል ተማርኩ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አንድም ቃል የሌለበት መጽሐፍ ነው፤ አንድ ሰው ቤተሰቡን ትቶ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ሲጀምር ዘጠኝ እኩል ሣጥኖች ናቸው፤ ሰው የለባቸውም። የወረቀት ወፍ፣ ሰዓት፣ ባርኔጣ፣ ድስት፣ ልጅ የሣለችው ሥዕል እያለ ይቀጥላል። ሰው የሚኖርበት ቤት መሆኑ ከዕቃው ይታወቃል፤ የሆነ ሰው ሊሄድ መሆኑም ሻንጣው ሲመጣ ይታወቃል። ቀጥሎ ሻንጣው ላይ የሁለት ሰው እጅ አለ፤ የእሱ እጅና በላዩ ላይ ያረፈ የሚስቱ እጅ። ፊታቸውን ገና በቅጡ ሳናውቅ አንጀታችንን በልተውታል። ይህን ያየሁ ቀን ነው እህቴን ከገጹ አውጥቼ ጠረጴዛውን ያስገባሁት። ስልክ፣ የኪኒን መያዣ፣ መነጽር። ከእህቴ የቀረው እጇ ብቻ ነው።

ዕቃውን ካገኘሁ በኋላ የቸገረኝ ጊዜ ነው። ኮሚክ ውስጥ ጊዜ የሚለካው በቦታ ነው፤ አንድ ደቂቃ ስንት ሣጥን ይሰጠዋል? ሣጥኖቹ እኩል ከሆኑ ዐይን እንደ እርምጃ ነው የሚሄደው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ዋችመን» የተባለው የአለን ሙርና የዴቭ ጊበንስ ሥራ ከ1986 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በ12 እትም ሲወጣ የገጹ መሠረት ዘጠኝ እኩል ሣጥን ነበር። ዐይናችን ያንን ምት ለምዶ ለምዶ የመጨረሻው እትም ሲከፈት ስድስት ተከታታይ ገጾች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ትልቅ ሥዕል ይሆናሉ። እጅግ ብዙ ሰው ያለቀበት ከተማ ነው የሚታየው። ድንጋጤው ሬሳው ብቻ አይደለም፤ የለመድነው እርምጃ ከእግራችን ሥር መጥፋቱም ነው።

ስለ ጊዜ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን በርናርድ ክሪግስታይን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትሰልቹብኝ። በ1955 እ.ኤ.አ. «ኢምፓክት» በተባለ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ የወጣ «ማስተር ሬስ» የሚል አጭር ታሪክ አለው። ደራሲው አል ፌልድስታይን ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በምድር ውስጥ ባቡር የሚጓዝ ሰው አለ፤ ቀድሞ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ አዛዥ ነበር፣ ዛሬ ማንም አያውቀውም። አንድ ተሳፋሪ ይገባና ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ያ ሰው ከካምፑ የተረፈ ነው፤ ወይም አዛዡ እንደዚያ ያስባል። ይሮጣል፣ መድረኩ ላይ እግሩ ይንሸራተታል፣ ሐዲዱ ላይ ይወድቃል፣ ባቡሩ ይመጣል።

ክሪግስታይን ታሪኩን በስድስት ገጽ እንዲሠራው ነበር የተሰጠው። አሥራ ሁለት ይሰጠኝ ብሎ ለመነ። ስምንት ፈቀዱለት። በዚያ ዘመን የነበረው የመጽሔቱ ልማድ ሣጥኖቹ በጽሑፍ እስኪጨናነቁ መሙላት ነው፤ ሌላ ሣይ ሁለት ገጽ ቢጨመርለት ድርጊት ይጨምርበት ነበር። እሱ ግን ዝምታ ገዛበት። አዛዡ መድረኩ ላይ ሲንሸራተት አንዲት ሰከንድ የማትሞላው ነገር በቀጫጭን ረጃጅም ሣጥኖች ተቆራርጣለች፤ አንድ ሣጥን፣ ትንሽ መዘንበል፤ ሌላ ሣጥን፣ ትንሽ ተጨማሪ መዘንበል። ቃል የለም። ባቡሩ ሲያልፍ ደግሞ የተሳፋሪዎቹ ፊት ተደራርቦ ተደጋግሞ ይታያል፣ ዐይን ፈጣን ነገር ለመያዝ ሲሞክር እንደሚሆነው። ይህን ክፍል ስለካው ሣጥኖቹ እየጠበቡ ትንፋሼም አብሮ ሲያጥር ተሰማኝ። ፍርሃቱ ያለው በሣጥኖቹ ጥበት ውስጥ ነው።

ሥራዬ ቦታ ማከፋፈል ስለሆነ ይህ ነገር ቶሎ ገባኝ። ቤት ስናወጣ የቱ ክፍል ስንት ካሬ ይድረሰው ብለን ስንወስን፣ ሰዎቹ የት እንደሚቆዩና የት እንደሚያልፉ እየወሰንን ነው። ኮሚክም እንዲሁ ነው። ሰፊ ቦታ የሰጠኸው ነገር ላይ አንባቢህ ይቆያል። የመጀመሪያው ገጼ ግማሹን ለልቅሶው ሰጥቶ አላርሙን በአንዲት ትንሽ ጥግ ላይ ጥሎት ነበር። ልቅሶው ግን የትም ያለ ልቅሶ ነው። የአባቴ የሆነው አላርሙ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ። ዴቪድ ማዙኬሊ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው «አስቴሪዮስ ፖሊፕ» ዋና ሰውዬው የሕንፃ ንድፍ ምሁር ነው፤ ብዙ ነድፏል፣ ተሸልሟል፣ አንድም ንድፉ ግን አልተገነባም። ሚስቱ ሃና ቀራጺ ናት። ሁለቱ ሲጣሉ የሚሣሉበት መስመር ይለያያል። እሱ ባዶ ሰማያዊ ቅርጽ ይሆናል፤ ክንዱ ቱቦ፣ ደረቱ ሣጥን፣ ሁሉም በማስመሪያ የወጣ፣ ውስጡ የሚታይ። እሷ በቀይ ጭረቶች ለስላሳ ጥላ ትሆናለች፤ ጠርዝ የላትም። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው፣ አንዱ በሌላው ዓለም ውስጥ የለም። መጀመሪያ በተዋወቁበት ጊዜ ደግሞ የእሱ ሰማያዊና የእሷ ቀይ እየተደባለቀ ሙሉ ሰው ሲሆኑ ታያላችሁ። ማንም «አልተግባባንም» አይልም፤ መስመሩ ይበቃል። የፊደላቸው ቅርጽ እንኳ ለየሰው ተለይቷል።

ያንን ሰማያዊ ሰውዬ ሳየው ደነገጥኩ። የእኔ እጅ ነው። እህቴንና የአባቴን ዕቃ የሣልኩት በዚያ እጅ ነበር፤ መነጽሩ ለመነጽር ፋብሪካ የሚላክ ንድፍ ይመስላል። አባቴ ግን ያንን መነጽር ስንት ጊዜ ተቀምጦበታል! ግራ እግሩ የጎበጠ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ለሣጥኖቹ ጠርዝ ብቻ ማስመሪያ ተጠቀምኩና በውስጣቸው ያለውን ሁሉ በባዶ እጅ ሣልኩት። መስመሬ ተንቀጠቀጠ። ቻርልስ ሹልዝ በ1981 እ.ኤ.አ. የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚሥለው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ልጆች የሚሥለው «ፒናትስ» እስኪያበቃ ድረስ። የኋለኞቹን ዓመታት ሥራዎቹን ተመልከቱ፤ ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፣ መስመሩ ግን አርጅቷል። ከወጣትነቱ ሥራዎች ይልቅ እነዚያን እወዳቸዋለሁ።

ስለ ቀለም ብዙ የምለው የለኝም። ገጼ በእርሳስና በጥቁር ቀለም ነው የተሠራው፤ ማለዳው ግራጫ ነበር።

ፊደል ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፤ በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች የራሳችን ጉዳይ ነውና። በላቲን ፊደል የሚሠሩ ብዙ ኮሚኮች ንግግሩን በሙሉ በትልልቁ ፊደል ይጽፉታል። እኛ ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል የለንም። የድምፅን ከፍታ የምናሳየው በፊደሉ መጠንና ውፍረት፣ ደግሞም በመደጋገም ነው፤ «ኧረረረ»፣ «እንዴዴዴ»። የአላርሙን ድምፅ «ጢጢጢጢ» ብዬ ጻፍኩት፤ የመጀመሪያዋን ጢ ወፍራም፣ ቀጣዮቹን እየቀጠኑ። ሳያቸው የጢ ቀጫጭን እግሮች ራሳቸው የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ። ማንጋ ውስጥ ደግሞ ዝምታ የራሱ ድምፅ አለው፤ «ሺን» ብለው ባዶው ክፍል ላይ በትልቁ ይጽፉታል። እኔም «እርጭ» ብዬ ሞከርኩ፤ ቃሉ ያምራል፣ አማርኛ ለጸጥታ የሚሆን ቃል አያጣም። ግን ገጹ ላይ ሲያርፍ ጮኸብኝ። በላጲስ አጠፋሁት።

የቀረው ክፍተቱ ነው። በሣጥንና በሣጥን መካከል ያለችው ነጭ መስመር። ስኮት ማክላውድ በ1993 እ.ኤ.አ. «አንደርስታንዲንግ ኮሚክስ» ላይ በሁለት ሣጥን አሳይቶታል፤ በመጀመሪያው አንድ ሰው መጥረቢያ አንሥቷል፣ በሁለተኛው የከተማ ሌሊትና ጩኸት ብቻ ነው። መጥረቢያው ሲያርፍ አልተሣለም። ሰውየውን በክፍተቷ ውስጥ የገደለው አንባቢው ነው። ማክላውድ ልክ ነው፤ እኔ ግን ይህ ነገር ከግድያም በላይ ለሐዘን ይሠራል ባይ ነኝ። መጥረቢያ የት እንደሚያርፍ ሁላችንም እናውቃለን፣ የምንሞላው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ዝም ያለ ሰው ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ ምን እንዳደረገ ግን እያንዳንዳችን የምንሞላው ከራሳችን ቤት አምጥተን ነው።

ገጼ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። ስድስት እኩል ሣጥን፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በሦስት ረድፍ። ስድስቱም ላይ የምናየው ከአንድ ቦታ ነው፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ከሚያይበት። አንደኛው፦ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ የኪኒን መያዣ፣ እግሮቹ የተከፈቱ መነጽር። ሁለተኛው፦ የስልኩ ፊት በርቷል፣ ጢጢጢጢ። ሦስተኛው፦ ከቀኝ ጠርዝ እጅ ይገባል፣ ጢጢ። አራተኛው፦ እጁ ስልኩ ላይ አርፏል፤ ድምፅ የለም። ይህኛው ላይ እጁ ማድረግ ከሚገባው በላይ እንዲቆይ ፈልጌ ነበር፤ አንድ ሣጥን ልጨምርለት ብዬ ሞክሬ ረድፉ ስለተዛባ ተውኩት። በዚያ ፈንታ አውራ ጣቱን ከስልኩ ጠርዝ በታች አጠፍኩት፣ ሰው የሕፃን እጅ ሲይዝ እንደሚያደርገው። አምስተኛው፦ ጠረጴዛው ብቻ፣ ሁሉም በቦታው። ስድስተኛው ሁለተኛው ራሱ ነው፤ የስልኩ ፊት በርቷል፣ ጢጢጢጢ።

በሁሉም ሣጥኖች መካከል ያለው ክፍተት አራት ሚሊሜትር ነው። በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል ያለውን አሥራ አንድ አደረግኩት። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት እዚያ ውስጥ አለ። እህቴ አላርሙን ያልሰረዘችበት ውሳኔም እዚያ ውስጥ ነው። ስድስተኛው ብቻውን እንዳይጠብ የሁለቱንም ስፋት እኩል ቀነስኩ። ጓደኛዬ ይህንን ሲያየው ስለ እጄ ምንም አላለም። «አባትህ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ነበር እንዴ የሚተኛው?» አለኝና ስለ ራሱ እናት ማውራት ጀመረ።

ለእህቴ ለማሳየት ሁለት ሳምንት ያህል ፈራሁ። አባታችን ቤት የምትኖረው እሷ ናት፤ እኔ ከሐዘኑ ሳምንት በኋላ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ባለፈው እሑድ ወሰድኩላት። ገጹን ተቀብላ መስኮት አጠገብ ተቀመጠችና እያንዳንዷን ሣጥን በጣቷ እየተከተለች አየችው። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ የአንድ ደረጃ ንድፍ ነው ያለው።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

«አላለቀም» አለች። «ዛሬም ጮኋል።»

አልገባኝም ነበር። ሰባት ወር ሆኖታል። ስልክ እኮ ሁለትና ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፤ እኔ በሁለተኛው ሳምንት ዘግቶ ጸጥ ብሏል ብዬ ነበር የማስበው።

«ማታ ማታ ቻርጅ አደርገዋለሁ» አለች። ፊቷ ላይ ያን ማለዳ የነበረው ዓይነት ነገር ነበር፤ ምንም። ገጹን መለሰችልኝና ስድስተኛው ሣጥን ላይ፣ ከስልኩ በታች ያለውን ባዶ ቦታ በጥፍሯ ነካ አደረገችው። «ገመዱ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው።»

ወደ ጠረጴዛው ዞሬ አየሁ። አዎ፣ በዚያ በኩል ነው። ወደ ግድግዳው ከመድረሱ በፊት የመነጽሩን የጎበጠ እግር ሥር ለሥር ያልፋል።

ማታ ቤት ገብቼ ሣልኩት። ቀጭን ነው፤ አንድ ቦታ ላይ እጄ ተንቀጥቅጧል፣ አላረምኩትም።